ጥርሴና ወይኑ

ከአዳማ ወጣ ሲሉ፣ በወንጂ መንገድ ላይ፣
ሸንኮራው አልቆ አቧራው ሲታይ፣
አንድ የወይን ማሳ አለ፣ ንፋስ የሚጋልብበት፣
ጠጠር ከዶማ ጋር ጥርስ የሚያፋጭበት።

እዚያ ነው የምሠራው።
እቆርጣለሁ፣ አስራለሁ፣ ዘለላ እለቅማለሁ፤
እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ አጥባለሁ።
ስቄ አላውቅም ግን።
ብስቅም በመዳፌ፣ አፌን ከድኜ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ አንድ ቀማሽ መጣ።
ናሁሰናይ ይባላል።
ጫማው ከአቧራችን ጋር ገና አልተዋወቀም፤
አፍንጫው ግን ከእሱ ቀድሞ ነው ከመኪናው የወጣ።

ሁለት ብርጭቆ አቀረብኩ፤
አንዱ የዝዋይ ነው፣ አንዱ የኛው ጓሮ፣
ዘሩ አንድ፣ ግንዱ አንድ፣ የተጨመቀው ዘንድሮ።
አሽከረከረው፣ አሸተተው፣ አፉ ውስጥ አንከባለለው፣
ባልዲው ላይ ተፋና ተናገረ፣ ማን ሊከለክለው፦

«ይኸኛው የሐይቅ ልጅ ነው፣ የጠዋት ጤዛ የጠገበ፣
አሸዋ ላይ ተንደላቆ በወፍ ጫጫታ ያደበ።
ይሄኛው...»
ዝም አለ። ዓይኑን ጨፈነ።
«ይሄኛው ተጠምቷል፤
ሥሩ ውሃ ፍለጋ ድንጋይ አንኳኩቷል።
አመድ አለው፣ ድሮ የቀዘቀዘ ረመጥ፣
መጨረሻው ላይ ጨው ጨው የሚል፣ እንደ ላብ።
አፈሩ ፈርሞበታል፣ ማንም አይሰርቀውም፤
የት ተወለድክ ብለህ አትጠይቀውም።»

ጋሽ ቱፋ ባርኔጣውን አወለቀ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲረግመው የኖረው ጠጠር
በአንድ ጉንጭ ጸደቀ።

እኔ ግን በትከሻው ላይ ደብተሩን ሳጮልቅ፣
«የአፈር ጠባይ» ብሎ ሲጽፍ፣ ሁለቴ ሲያሰምርበት፣
የሠፈሬ ጉድጓድ መጣብኝ፣ ያደግኩበት።

ጥልቅ ነው ጉድጓዱ፣ ውሃው ለብ ያለ፣
ከእሳተ ገሞራ ሆድ ማዕድን ያዘለ።
በዛገ ጣሳ ተጋፍተን ጠጣነው፤
ጥርሳችን ሲበቅል ቡናማ ሆኖ አገኘነው።
በከሰል አሸነው፣ በሎሚ፣ በመፋቂያ፣
ወይ ፍንክች! ቀለሙ የለውም ማለቂያ።
ነርሷ ፍሎራይድ አለችው፣ እናቴ ዕጣ አለችው፤
አዳማ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ
ልጆቹ «ዝገት» አሉት።

ያኔ ነው ከንፈሬ በር መሆን የተማረ።
አንዴ ለጋብቻ ሊያየኝ የመጣ የሞጆ ልጅ፣
ሳቄን ሲያይ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ በደጅ።

ውሃውን ላወድስ አይደለም ደግሞ፤
አባቴ ጫማውን ጎንብሶ አያስርም፣ ወገቡ ደርቆ፣ ታሞ።
ግን አሁን ይህ ሰውዬ ብርጭቆ አንሥቶ፣
ያንኑ አመድ፣ ያንኑ ጨው በምላሱ አግኝቶ፣
ጠባይ ይለዋል፤
በጠርሙስ ሠላሳ ብር ይጨምርበታል።

ጨርሶ ሲነሣ፣ ብርጭቆውን ልቀበለው ስል፣
«አንቺስ?» አለኝ፣ «ምን ምን አለሽ?» እንዲያው ለወጉ ያህል።
ጠጣሁ።
አመዱን አገኘሁት። ጨዉን። የአባቴን የሸሚዝ አንገት።
ከሥር ደግሞ፣ ቆይቶ፣ የዚያን ጣሳ ዝገት።

ሳቅ መጣብኝ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ።
አንድ እጄ ላይ ብርጭቆ፣ አንዱ ላይ ባልዲ፤
ሳልከድነው ሳቅኩ።

ናሁሰናይ አየ፤ ጥርሴን አየ፣ ብርጭቆውን አየ፣
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ትንሽ ቆየ፤
የት ተወለድሽ ብሎ
አልጠየቀኝም።