ያልተነሣች ፍላጻ

ስሜ ዘርዋንዳድ ነው፤ ጸሐፊ ነኝ የጦር፣
ሰይፍ መዝዤ አላውቅም፤ ሥራዬ መቍጠር፦
የፈረሱን ጥርስ፣ የጥሩር ቀለበት፣
የጋሻ እጀታ፣ የራስ ቍር ስንጥቃት፣
ሁሉን በጣት ዳስሼ፣ ጎደሎውን ለይቼ፣
ደመወዝ እቈርጣለሁ በቀለም አስልቼ።
ጭፍራው በሌለሁበት «የቀለም አይጥ» ይለኛል፣
የክፍያ ቀን ግን «ጌታዬ» ሲል ይውላል።

የንጽቢን ዘመቻ ይሁን እንደ ተባለ፣
አንድ የጊላን ልጅ ቀርቦ «ዳድመህር ነኝ» አለ።
ጥሩሩ ያባቱ፣ ከትከሻው ሰፍቶ፣
ፈረሱ የውሰት፣ የጎኑ አጥንት ወጥቶ፤
ሠላሳ ፍላጻ፣ ቀስትና ጐራዴ አለው፤
ሕጉ ሁለት ትርፍ አውታር ይጠይቃል፤ አንድ ነው።
«ሁለተኛውንማ አይጥ በላው» አለ ደግሞ፣
ሰልፉ ከት ብሎ ሣቀ ከኋላው ቆሞ።
እኔ አልሣቅሁም። ጻፍሁ፦ «አውታር አንድ ጎደለ፤
እስኪያመጣ ድረስ አራት ድርሃም ይያዝ» —
ማኅተሜም ተከተለ።

በዘመቻ ዋዜማ ወግ አለን የቆየ፦
እያንዳንዱ ወታደር፣ አበጋዙ እያየ፣
አንዲት ፍላጻውን ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፤
ቅርጫቱ ይታሰራል፣ በሰም ይታተማል፤
ሲመለስ፣ የተረፈው አንድ አንድ ያነሣል።
የቀረውን ቆጥሬ እጽፋለሁ፤ ያ ነው ሙት።
ሌላ ልቅሶ የለም በመንግሥት ቤት።

በመከር ተመለስን፤ ሰሙ ተሰበረ፤
እጅ ሲገባ፣ እጅ ሲወጣ፣ ቀኑ ተሻገረ።
የሚሥቅ ፊት ፈለግሁ። ሰልፉ አለቀ። አጣሁ።
አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ከቅርጫቶቹ አወጣሁ።

አራቱ ድርሃሞች ከረጢቴ ውስጥ ናቸው፤
«እስኪያመጣ ድረስ» ይላል ብራናቸው።

ሌሊት ድንኳን ዘግቼ አንዷን ፍላጻ ሳብሁ፤
የሱ ትሁን የሌላ፣ ዛሬም አላወቅሁ፤
የሽመላ ላባዋ ጭቃ ይዞ ደርቋል።
በእጅጌዬ ከተትኋት። ጣቴ ይንቀጠቀጣል።
ሠላሳ ዓመት ቈጥሬ አንድ ቀን ያልሳትሁ
«አራት መቶ ዐሥራ አንድ» ብዬ ጻፍሁ።

ጢስፎን ያሉ አለቆች ደምረው አጸደቁ።
ለጊላኗ እናቱ፣ በየመንፈቁ፣
ደመወዙ ይሄዳል፤ አራቱን ድርሃም ግን
አልላክሁም፤ አልቻልሁም፤ ምን ብዬ ልላክ፣ ምን?

እኔም በያመቱ፣ ምርመራው ሲመጣ፣
ስሙ ጋ ስደርስ፣ ነገሩ እንዳይወጣ፣
እጽፋለሁ፦ «ፈረስ አለ። ጥሩር አለ።
አውታር አንድ ጎደለ።»