ገና ማንም

ክንዴን ጠቅልላ ላስቲኩን ነፋች፣
እንደ አራጣ አበዳሪ ጨምቃ ያዘች።
“መቶ ስልሳ አምስት” አለች ሲስተር ይታይሽ፣
ኪኒኑን ቆጥራ፤ “ደግሞ በእግርህ ሂድ፣
ባጃጁ አያሳዝንህም?”

ሃያ ሁለት ዓመት መሬት አስተዳደር፣
የሰው ማሳ በጥማድ ስመዘግብ ስኖር፣
የኔን ወገብ የለካው ቀበቶዬ ብቻ፣
በምስማር እየተበሳ ወደ ዳር፣ ወደ ዳር።

አባቴ ጤፉን ጭኖ ከየጁቤ ማርቆስ ገበያ
በእግሩ ደርሶ መልስ፤
ግፊት ቢሉት የሚያውቀው የሰዉን ግፊያ።

ማክሰኞ ሳይነጋ ወደ ውትርን ወረድኩ።
መውረዱስ ደግ ነው።
ሽቅቡ ላይ ግን ልቤ እንደ እንግዳ አንኳኳ፤
አርባ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን
ድምፁን አላውቀውም ለካ!

ምንይችል ባጃጁን አቁሞ፣
“ግባ እንጂ ጋሼ፣ ሂሳብ አልጠይቅህም” ይላል።
እትዬ ጥሩወርቅ ከአጥራቸው ብቅ ብለው፣
ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ እጃቸው ጥለቱ ላይ፣
“አንተ ልጅ፣ ምነው በጠዋቱ? ማን ሞተ?”

“ገና ማንም!” አልኩ
ትንፋሼ ቃሉን ለሁለት ቆርጦት።
ቆሜ እንዳላስረዳቸው
ሽቅቡ አላለቀም።