ባዶ የካሴት ቤት

ስብሰባው ረዘመ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፤
ደርበው በግራ እጁ ቁልፉን እንደያዘ፣
«ክፍት መደርደሪያ» አለ፣ «መጽሐፍ ነው የሚችለው፤
ካሴት ግን ኪስ ይገባል፤ ሲዲማ ወረቀት ነው፤
ደብተር መሐል ሲተኛ ማን አየሁህ ይለዋል?»
እኔም፣ «የተቆለፈ ድምፅ ማንስ ይሰማዋል?»
እንዲህ ተባባልን። ጦሳ በመስኮቱ
ጉሙን ተከናንቦ ያየናል በከንቱ።

በሩ ላይ ማግኔት አለ፣ ሌባ ሲያልፍ የሚጮህ፤
መብራት ካለ ነው ያውም፤ ከሌለ መች ሊያውቅህ።
የደሴ መብራት ደግሞ የሐምሌ ፀሐይ፣
ብቅ ይል እንደሆን እንጂ ሰንብቶ የማይታይ።
የማይጠፋው ዘብ ጋሽ ይማም ነው እንግዲህ፦
«አፉ በይኝ ልጄ፣ ቦርሳሽን ወዲህ።»

መጨረሻ ላይ ታረቅን፣ መሐል መንገድ ያዝን፤
ባዶ ባዶውን ቤት መደርደሪያው ላይ አኖርን፤
ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ዓመቱ፣ ሁሉም በላዩ አለ፤
ነፍሱ ግን በፍርግርግ፣ በጓጉንቸር ዋለ።
የፈለገ ተማሪ መታወቂያ ያስይዛል፤
ባዶውን ያቀብለኛል፣ ሙሉውን ይቀበላል።

ደግ ዘዴ ነበረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣
ከሦስት መቶ አርባ ድምፅ የጎደለች አንዲት።
ቁጥር መቶ አሥራ አራት፦ ሰኞ፣ ባቲ ገበያ፤
አንድ ግመል፣ ሦስት ቋንቋ፣ ደላላ ወዲህ ወዲያ፤
ሻጭ በአፋርኛ ይምላል፣ ገዢ በኦሮምኛ፣
ደላላው ላቡን ጠርጎ ያስማማል ባማርኛ፤
እጅ ሲመታ ይሰማል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
ዋጋው ሊቆረጥ ሲል ክሩ ያልቃል፣ በሞቴ!

አንድ ቀን ሌላ ልጅ ከፍቶ ቢያዳምጠው በማታ፣
የእንግሊዝኛ ትምህርት ወጣ በግመሉ ፋንታ።
ማን ለወጠው? ጋሽ ይማም ሳምንት ሙሉ አልተኛም፤
ደርበው «አላልኩሽም?» አለ። እኔ አልመለስኩም።
ሁለተኛ ጓጉንቸር ተገዛ ከፒያሳ፣
ፍርግርጉ ተበየደ፣ የላላው እንዳይነሣ።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ። እሱን አልተርክም።
ያየው አይጠይቀኝም፤ ላላየው አይገባም።

ስንመለስ ታኅሣሥ ነው። ማግኔቱ ቆሟል ዝም ብሎ፤
የሚጠብቀው በር የለም፤ ሄዷል ማጠፊያው ተነቅሎ።
ክፍቱ መደርደሪያ አለ፤ አቧራው እንኳ አልተነካ፤
ማንም ዞሮ አላየውም። ጓጉንቸሩ ግን ለካ
«እዚህ ወርቅ አለ» እያለ ሲጣራ ኖሯል ለሰው፤
ሁለቱም ተሰብረዋል። ጓዳው የቀረ ድምፅ የለው።
ሦስት መቶ አርባ ባዶ ቤት፣ በየተራው ቆሞ፣
ስሙን በጀርባው አዝሎ፣ ቁጥሩን ተሸክሞ።
ጋሽ ይማም አንዱን አነሣ፣ ከጆሮው አስጠጋና፣
«አፉ በለኝ» ብሎት አኖረው እንደገና።

የካቲት ላይ አንድ ጎልማሳ፣ መምህር ነኝ ከወረባቦ፣
ፌስታል አኖረ ከፊቴ፣ በፕላስተር ዙሪያውን ከቦ።
«ሙሄ አበጋዝ እባላለሁ። መብራት በጠፋበት ማታ
ሌላ ካሴት መለስኩልሽ፣ በእሱ ቤት፣ በእሱ ቦታ።»
«ለምን?» አልኩት። «ዋጋውን…» አለና አቀረቀረ፤
«ተስማሙ፣ አልተስማሙ ስል፣ ስንት ሌሊት። እንዲያው ቀረ።»

በልማድ እስክሪብቶ አነሣሁ፣ ቅጣት ላሰላ በቀን፤
ደርበው እጄን ያዘኝ፤ ቁልፍ የለም በጣቱ አሁን።
የሰረቀው ነው የጠበቀው። ይኼ እንዴት ይጻፋል?
በየትኛው መመሪያ፣ በየትኛው አንቀጽ ይገባል?

መጀመሪያ ገለበጥነው፣ ሦስት ቦታ አስቀመጥነው፤
አንዱን ቅጂ፣ ደርበው ፈርሞ፣ ለሌባው ሰጠነው።
ከዚያ መቶ አሥራ አራትን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤
ከተትኩት። ቀጭ አለ። መልሼም እዚያው አኖርኩ፣
ያለ ጓጉንቸር። ጋሽ ይማም ወንበሩን አስጠጋ።
አሁን ማንም ያነሣዋል፣ ሲመሽም፣ ሲነጋ፤
ሻጭ ይምላል፣ ደላላው ይለምናል በሞቴ፣
እጅ ይመታል፦ አንዴ፣ ሁለቴ፣