ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ

ጓዴሉፕ፣ በነሐሴ ማለዳ፣ ውሃው ሻይ መስሏል ቅጠል በስብሶበት፤
ፎርቱኔ ሞተሩን አጠፋ፣ ጀልባው በገዛ ዝምታው ሄደበት።
ከማንግሮቩ ሥር፣ ከጭቃው አፍ ላይ
የረገፈች ቅጠል አነሣሁ፤ "እስቲ ና እይ።"

ነጭ ክር ነበረባት፣ የሽፋሽፍት ያህል።
"የተበጠሰ መረብ" አለ፤ "ወይ ድር ይሆናል።"
"ባክቴሪያ ናት" አልኩት፤ "አንዲት፣ ነጠላ ሕዋስ፣
መነጽር የማትለምን፣ ዓይንን የማታስለቅስ።"

ሳቀብኝ፣ የአርባ ዓመት ዓሣ አስጋሪ፤
"ጀርም በዓይን ይታያል? ወይ አንቺ አስተማሪ!"

ከምሳው ሳህን አንዲት ሩዝ ለቀምኩና
መዳፉ ላይ አኖርኳት፤ "አሁን ልብ በልና፣
አንዲት ቫይረስ ይህችን ታክል እንበል፤
ያኔ ተራው ባክቴሪያ ስንዝርህን ያህል፤
ዳቦ የሚያነፋው እርሾ ክንድ ይሞላል፤
ያንዲት ፀጉርህ ውፍረት ጀልባህን ይበልጣል።
ይህቺ ነጭ ክር ግን
ከዚህ ተነሥታ ኪሎሜትር ትዘረጋለች፣
ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ትደርሳለች።

ደግሞ በቁመት አይሰለፉም እንደ ወታደር፤
ጋት የሚሞላ ቫይረስ አለ፣ በጣት ውፍረት ባክቴሪያ አጠገብ የሚያድር።"

ዝም አለ። ሩዟን ጨብጦ ቆየ።
"የትኛዋ ቫይረስ ናት?" አለኝ፣ እኔን ሳይሆን ውሃውን እያየ።

አልዋሸሁትም።
"ደንጊ።"

"ዩላሊ... ጆንያ ስኳር በአንድ ትከሻ የምታወጣ፣
ይህች ናት የጣለቻት? ከጥርስ መሐል በስንጥር የምትወጣ?"

"አሳዪኝ" አለ።
የኔ ማይክሮስኮፕ ክንድ ያያል፣ ስንዝር ያያል፤
ሩዟ ላይ ሲደርስ ግን ብርሃኑም ይታወራል።
ለእሷ ሌላ ማሽን ነው፣ እኔ የሌለኝ።
ይህን ስነግረው እንደ ሐሰተኛ አየኝ።

ያቺ ኪሎሜትር ማንንም አልገደለችም፤
ድኝ እየበላች ጭቃ ውስጥ ከመኖር በቀር ሥራ የላትም።
ይህንንም ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ሩዟን ውሃ ላይ አልጣላትም፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት፣
ቁልፉንም ቆለፈባት።

ሲመሽ ከደጁ ደረስን። ካጥሩ ሥር አሮጌ ጎማ
ዝናብ አቁሮ ተኝቷል፤ ከላዩ የትንኝ ዜማ።
በእግሩ ገለበጠው። ምንም ቃል አልወጣውም።
ቀጥሎ የጎረቤቱን ባልዲ። አላንኳኳም፣ አላስፈቀደም።
ቀጥሎ የዚያኛውን፣
የመንገዱን ማዶ፣

እስከ ደወሉ ድረስ።