ሰባት ቤት

ሽሮፕሸር ዝናብ ነው፤ ሄስተር መነጽሯን አጥልቃ
የዱቼስን የዘር መዝገብ ትገልጣለች ተጠንቅቃ።
«አባቷ ያው አያቷ ነው፣ እናቷ ያው የአክስቷ ልጅ፤
ደም ከራቀ መልክ ይርቃል፣ ዋንጫም አይደርስ ከእኔ ደጅ።»

እኔም ሰባት ቤት መቁጠር ከአባቶቼ የተማርሁ
ቆጠራው አንድ ሆኖ ሳለ በአቅጣጫው ተደናገርሁ፤
እኛ የምንቆጥር፣ ሥጋ ከሥጋው እንዳይጋባ፤
እሷ የምትቆጥር፣ የራቀ ደም እንዳይገባ።

ዱቼስ ምንጣፉ ላይ ተኝታ አየር በማንኪያ ትጠጣለች፤
ስታንኮራፋ ሄስተር፦ «ስሚያት፣ ደስ ብሏት ነው» ትላለች።

ሌሊት ምጥ መጣ።
የቡችላው ራስ፣ ያ በዋንጫ የተመረቀው፣
ከእናቱ ዳሌ ሰፍቶ ተያዘ፤ ምላጭ ነው ያስለቀቀው።
አምስት ወጡ፤ ሁለቱ ዝም። በፎጣ አሸሁ፣ አሸሁ፤
ፊቱ ላይ አፍንጫ ጠፋኝ፤ እፍ የምልበት ፈለግሁ።

ሄስተር አለቀሰች፤ አልዋሽም፣ እንባዋ እውነት ነበረ፤
እንባዋ ገና ሳይደርቅ ግን እጇ መዝገቡ ላይ ሰፈረ።
«ለሚቀጥለው፣ ወንድሟን…»
ዱቼስ ከሰመመኗ ነቃች፤ ላሰችው የደማ እጄን።

አፌን ከፈትሁ ልገሥጻት፤ ከተረፉት አንዱ አዛጋ፤
ጠፍጣፋ ፊቱን አየሁና…
ጠየቅኋት የሱን ዋጋ።