ስሙን የማናውቀው መጽሐፍ

ሽፋን አልነበረውም፤ ስሙንም አናውቅም፣
ከገጽ ዘጠኝ ነው የሚጀምረው፤ እኛን ግን አልከፋንም።
ፒያሳ፣ ከሲኒማው ጀርባ፣ ጋሽ ደሳለው ያከራዩት ነበር፤
ለሁለት ሌሊት ሃምሳ ሳንቲም፣ ካሳደሩ ስሙኒ ይጨመር፣
«ሻይ ያፈሰሰበት ይከፍላል፤ ዕንባ ያፈሰሰበት ይማር።»

ትርንጎና እኔ ስሙኒ ስሙኒ አዋጥተን፣
አንዱን መጽሐፍ እንደ ሸንኮራ ከሁለት ጫፍ ይዘን በልተን፤
የመጀመሪያው ሌሊት የእሷ፣ ሁለተኛው የእኔ ሆኖ፣
ይሰጠኝ ነበር ጃንተከል ዋርካ ሥር፣ በሹራቧ ተሸፍኖ።
ከዚያ ጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ፤ የሒሳብ መጽሐፍ ካባ ደርቦ፣
መምህሩ የዓባይን ገባር ሲቆጥሩ፣ ዓይኔ ከዴስክ ሥር ተርቦ።

ከእኛ በፊት ያነበቡት ሁሉ አሻራቸው አለበት፤
የቆሎ ቅባት፣ የሻማ ጠብታ፣
ገጽ ሠላሳ ላይ «እዚህ ጋ አልቅሻለሁ» የሚል፣ በቀይ እስክሪፕቶ የተጻፈበት።

ሁለት ልጆች ናቸው፤ አስቴርና ውብአየሁ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት።
አስቴር ቁልፍ አላት፣ ሳጥኑ የት እንዳለ የማትናገር፤
ውብአየሁ ቁልፉን አይታለች፤ ሳትጠይቅ ነው የምታድር።
ተናደድሁ። እርሳሴን አሹዬ ኅዳጉ ላይ ጻፍሁ፤
«ጓደኛ ከጓደኛዋ ትደብቃለች? እኔስ አስቴርን ጠላሁ!»
በሚቀጥለው ኪራይ፣ ከሥሩ፣ የትርንጎ ጠባብ ፊደል፤
«መደበቅ ሁሉ ክህደት አይደለም። አለ፣ ሲነገር የሚጎድል።»
ጋሽ ደሳለው አይተው ዝም አሉ፤
ላጲስ ብቻ ሸጉጠው ሰጡን መሀሉ።

መጨረሻው ግን የለም። ገጽ መቶ አርባ ላይ ውብአየሁ በሩን ልታንኳኳ
እጇን አነሳች። አበቃ። ቅጠሉ ተገንጥሎ ኖሯል ለካ።
«ወይኔ!» ብዬ ጮህሁ። ትርንጎ «እኔ አውቀዋለሁ» አለች፤
«አክስቴ ጎርጎራ ሳለች አንብባው፣ ሁሉን ነግራኛለች።
በሩ ይከፈታል፣ ሳጥኑም። ይስቃሉ። ዝናብ ይመጣል፣
ባንድ ጃንጥላ ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ታሪኩ በዚያ ያልቃል።»

ቀሃ ሞልቶ ሲያጓራ፣ በረዶ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ፣ መብራት ሲጠፋ፣
ያን ክረምት ሙሉ በዚያ ጃንጥላ ሥር ኖርሁ፣
ያልታተመችውን ገጽ በልቤ እያነበብሁ።

መስከረም ሲጠባ ወንበሯ ባዶ። አባቷ ሁመራ ተዛውሯል፤
ጓዝ የተጫነው በጳጉሜ ነው፤ እሷ ግን ከግንቦት ጀምራ ታውቅ ኖሯል።
አልነገረችኝም። እኔም እንደ አስቴር ጠላኋት፤
አንድ ደብዳቤ ላከች፣ ከነፖስታዋ ቀደድኋት።

አምና፣ አዘዞ፣ ጋሪ ላይ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ አየሁት፤
ሽፋን ያለው፣ ሙሉ። ስሙን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት
(አልነግራችሁም)። ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፤
እኔ እንደቆምሁ ወደ ኋላ ገለጥሁት።
ገጽ መቶ አርባ አንድ፤ ውብአየሁ ታንኳኳለች። የሚከፍት የለም።
አስቴር ቀድማ ሄዳለች። ቁልፉ መዝጊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናብ የለም፣
ጃንጥላም የለም።
የትርንጎ አክስትም፣ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ፊደል አልቆጠረችም።

ምላጭ ነበራት ትርንጎ፣ እርሳስ መቅረጫ፣ በወረቀት የጠቀለለችው።
ሌሊት፣ ሻማ ሥር፣ ትንፋሿን ውጣ፣
ለእኔ አንድ ክረምት ስትቆርጥልኝ ታየችኝ።
ሚኒባሱ ሄደ። ሌላም መጥቶ ሄደ።

አሁን የእህቴ ልጅ ማኅደር መጽሐፉን ይዛ ሶፋው ላይ ተጠቅልላለች፤
ለእራት ስጠራት አትሰማም፣ ብቻዋን ትስቃለች፣
«አክስቴ፣ ይቺ አስቴር ግን ምን ትደብቃለች?»
«አንብቢው» እላታለሁ።
መቶ አሥራ ሁለት ደርሳለች።
ምላጩ መሳቢያው ውስጥ ነው።