ከፎጣው ሥር

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ከብረታ ብረት ሱቁ በላይ፣
አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ መስኮቷ የባቲን መንገድ የምታይ፣
ሦስተኛ ሌሊቴ ነው በአንድ ጥያቄ ተይዤ፣
ከላፕቶፑ ብርሃን ፊት፣ ሻዬን አቀዝቅዤ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፦ የባቲን ገበያ
ደመና ላይ ማኖር፣ ለሩቅ ሰው መጠየቂያ።
«ግመል አለ ወይ? ስንት ነው?» ሲል አንዱ ከሐይቅ ከተማ፣
መልሱ ከእጁ ይግባ፣ መንገድ ሳይመታ፣ ውኃ ሳይጠማ።

ለዚህም በየጥያቄው ደጅ አንድ መላሽ ይቆማል፤
«ዋጋ» ሲሉት ይሄኛው፣ «ባለቤት» ሲሉት ያኛው ይሰማል፤
ከየትኛው ሰንጠረዥ፣ በየትኛው ቁልፍ፣
ማን እንዲገባ፣ ማን ከደጅ እንዲያልፍ፣
መሄጃው አንድ ቅጽ፣ መመለሻው ሌላ፣
እኔ ነኝ የምጽፍለት፦ የማሽን ደላላ።

ይህን ለአባቴ ብነግረው፣ ሙሄ ይማም ሳቀ፤
ባቲ ላይ ሠላሳ ዓመት በዚሁ ነው የታወቀ፤
ሰኞ ሰኞ፣ የሻጭና የገዥን እጅ ከፎጣ ሥር አገናኝቶ፣
ጣት ሲጨበጥ፣ ጣት ሲለቀቅ፣ ቃል ሳይወጣ ዋጋ አስማምቶ።
«እና ያንቺ ደላላ፣ ዘምዘም፣ ፎጣ አለው?» አለኝ።
«የለውም አባ፣ ደመና ነው ያለው» ብለው፣ ቀና ብሎ ሰማይ አየልኝ።
«ደመና ላይ የዋለ ገበያ
ሲዘንብ የት ሊሆን ነው መጠለያ?»
ሳቅሁ። ያኔ ሳቅሁ።

ባለፈው ሰኞ፣ የገርባው እንድሪስ፣ ስልኩ ላይ ለሙከራ
የጫንሁለትን ከፍቶ፣ ገና ሰማዩ ሳይበራ፣
«የምትታለብ ግመል አለች?» ብሎ ጻፈ።
መላሼ ሄደ፣ ተመለሰ፣ «ባዶ» ብሎ አለፈ።
እንድሪስም «የለችም» አለና ጭነቱን ፈታ፤
ግመሏ ግን ባቲ ቆማ ዋለች፣ እስከ ማታ፣
የሁመድ ያዮ ግመል፣ ከቆላ ሁለት ቀን የነዳት፣
ዋጋዋን «ለማውቀው ብቻ» ብሎ ያስመዘገባት።

ስህተት የለም። መዝገቡ ንጹሕ፣ ቀይ መስመር የማይታይ።
መላሹ ያዘዝሁትን አደረገ፦ ካልተፈቀደልህ አትይ፤
ካላየህ፣ ባዶ መልስ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ኋላ፣
«ባዶ አልሽው? የቱን ባዶ?» አለኝ ያ ደላላ።
«የቱን ማለት?»
ፎጣውን ከትከሻው አወረደ፣
እጄን ይዞ ከሥሩ ከተተ፣ ጣቴን ከጣቱ አዋደደ፤
ሴት ልጅ እጇን ያላስገባችበት ጨለማ፣
ሙቅ፣ የላብና የግመል ጠረን፣ ድምፅ የማይሰማ።

መጀመሪያ ጨበጠ፤ ጡጫው እንደ ድንጋይ።
«ይህ፣ አለኝ ነው፤ ላንቺ ግን አልናገርም፤ የሚያውቀኝን ሰው ይዘሽ ነይ።»
ከዚያ መዳፉን ዘረጋ፣ ጣቶቹ ላልተው፣
«ይህ፣ ገና አላወቅሁም ነው፤ ወንድሜን ልጠይቅ፣ ቆይ በይው።»
ከዚያ እጁን ሳበው።
እጄ ከፎጣው ሥር ብቻውን ቀረ።
ጠበቅሁ። ማንም አልተናገረ።
«ይህ» አለ ዘግይቶ፣ «ይህ ነው የለም ማለት።
እጅሽ ሳይዳብሰው፣ ለማንም ሰው የለም አትበይለት።»

ዛሬ ሌሊት ሦስቱን ጻፍሁ። ለጡጫው አንድ መልስ፦
«አለ፤ ባለቤቱ ለሚያውቀው ነው፤ በሙሄ በኩል ድረስ።»
ለመዳፉም አንድ፦ «እየተጠየቀ ነው፤ ጥቂት ታገሥ።»
ለተሳበው እጅ ግን ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ፤
«የለም» ብዬ ጻፍሁ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍሁ፤ አጭርነቱ ከበደኝ።

ከዚያ መብራት ሄደ። ባትሪው አሥራ አራት በመቶ።
ጭጋግ ከዮጎፍ ወርዷል፣ የባቲን መንገድ ከሥሩ ከቶ።
ነገ ሰኞ ነው። እንድሪስ ደግሞ ይጠይቅ ይሆናል፤
ላይጠይቅም ይችላል፤ አንዴ «ባዶ» የተባለ ሰው ይቀየማል።
ሦስት በመቶ ሲቀረው ላክሁት፤ ስክሪኑ ወደቀ፤
መላሹ ሄደ። እጄ ከጨለማው ሥር ጠበቀ።